ጭቃና በረዶ በአንድ ጎማ ላይ፤ ከሆሳዕና መንገድ የተነሣ ታሪክ

ሆሳዕና ውስጥ ካሉ ጎማ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ የተደረደሩትን ጎማዎች ጎናቸውን ለሚያይ ሰው፣ ከመጠኑና ከፋብሪካው ስም አጠገብ «ኤም» እና «ኤስ» የሚባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት በመደመር ምልክት ተያይዘው ይታዩታል። የመጀመሪያው የጭቃ፣ ሁለተኛው የበረዶ ምልክት ነው። የሆሳዕና፣ የዱራሜ ወይም የሾኔ ሹፌር ጭቃውን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ሲታገለው ኖሯልና። በረዶውን ግን ቶሮንቶ ወይም ጆሃንስበርግ ያለ ወንድሙ በስልክ ካልነገረው በቀር የሚያየው በቴሌቪዥን ነው።

ሁለቱ ፊደላት አንድ ላይ የተጻፉት በአጋጣሚ አይደለም። ጭቃና በረዶ ጎማን የሚፈትኑት በተቀራራቢ መንገድ ነው፤ ሁለቱም ጎማው የሚቆነጥጠውን ደረቅ መሬት ይነሡታል። እነዚህ ከተሞች የሚገኙባቸው የሀዲያና የከምባታ መንገዶች ታሪክም በዚህ በኩል ሲታይ መሬት ጎማን ያስመረጠበት ታሪክ ነው። አዲስ መንገድ በወጣ ቁጥር የለመዱት ጎማ የማይመች ሆኖ ተገኝቷል፤ አዲስ ጎማ በመጣ ቁጥር ደግሞ የሚስማማው መንገድ ገና አልደረሰም ነበር።

ከ1900 እስከ 1927 ዓ.ም.፤ በቅሎ መኪናን የበለጠበት ዘመን

በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ አንዲት መኪና በቻለበት እየነዳ፣ ባልቻለበት እያስጎተተ አዲስ አበባ አደረሰና ለዳግማዊ ምኒልክ አስረከበ። ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለው የእንስሳት ሐኪም ቤልፋስት ከተማ ውስጥ ለልጁ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት በንፋስ የሚሞላ ጎማ ከሠራ ገና 20 ዓመት ቢሆነው ነው። የዚያ ዘመን ጎማ ቀጭን ነበር፤ ፊቱም ወይ ለስላሳ ነው፣ ወይ ጥቂት ብቻ ተቆራርጧል። ደረቅ መሬት ላይ ደህና ይሮጣል። የራሰ ሸክላ አፈር ላይ ሲወጣ ግን የሚነክስበት ጥርስ የለውም።

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮችም ችግሩ ያው ነበር። በአሜሪካ የኒውዮርክ ግዛት ነዋሪው ሃሪ ዊድ፣ ሹፌሮች መኪናቸው እንዳይንሸራተት ጎማው ላይ ገመድና ሐረግ ሲጠመጥሙ ያይ ነበር። እሱም እ.ኤ.አ. በ1904 ጎማ ላይ ለሚጠለቅ የብረት ሰንሰለት የፈጠራ መብት ተሰጠው። በረዶውም ጭቃውም ያኔ የሚታለፈው ከጎማው በላይ በሚታሰር ነገር ነበር። ጎማውን ራሱን ለበረዶ ብሎ ቀርጾ ለመሥራት ገና 30 ዓመት ይቀር ነበር።

ሆሳዕና በዚያን ጊዜ የአስተዳደር ከተማ ሆና ብቅ እያለች ነው። ቀድሞ ዋቸሞ በሚባለው ስፍራ ራስ አባተ ቧያለው እንደቆረቆሯት ይተረካል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ዙሪያዋ እንሰት የሚተከልበት፣ በወንዝና በሸለቆ የተቆራረጠ ደጋና ወይና ደጋ ነው። በስተደቡብ የከምባታ ምድር የአምባሪቾ ተራራን ይዞ እስከ 3,058 ሜትር ይወጣል። ዝናቡ በበልግ ይጀምራል፣ በክረምት ይጸናል፤ ቀዩ አፈር ውሃ ሲጠጣ ላዩ ይላላል፣ ይንሸራተታል። በዚህ አገር ጭነት በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ይሄድ ነበር። በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ቡድን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ሲወርድ የተጓዘው በበቅሎ ነው።

ይህ ምርጫ ኋላ ቀርነት አልነበረም። በቅሎ ኮቴዋን ከጭቃው ነቅላ አንሥታ ሌላ ቦታ ታሳርፈዋለች። ጎማ ግን ከጭቃው ሳይወጣ እዚያው ውስጥ መዞር አለበት፤ በዞረ ቁጥርም ጭቃውን ይጠቀልላል። ያን ጭቃ የሚያራግፍ ጎማ እስኪሠራ ድረስ በሀዲያና በከምባታ ዳገት ላይ አስተማማኙ መጓጓዣ በቅሎ ነበረች።

1928 ዓ.ም.፤ ጣርማ በር ላይ የቆመው ካሚዮን

ጭቃ በአገሪቱ የመኪና ታሪክ ውስጥ ያለው ኃይል ጎልቶ የታየው በጦርነት ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ወራሪ የጣሊያን ጦር ከ1,600 በላይ መኪኖች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ጣርማ በር የተባለው የተራራ መተላለፊያ ሲደርስ ግን መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው፤ ዝናብም ነበር። በሞተር ብዛት የሚኩራራው ሠራዊት ካሚዮኖቹን በሰው ጉልበት ከማጥ እየገፋ ለማውጣት፣ የፈረሰውንም በድንጋይ እየሞላ ለማለፍ ተገደደ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። የተከተለው ክረምት ደግሞ የባሰ ሆነበት። የደሴው መንገድ ካሚዮን የማያስኬድ ሆነ፤ ከተማዋን የያዘው ጦርም ተስፋው የጅቡቲ ባቡር ብቻ ሆኖ ቀረ። አርበኞች አዲስ አበባ ድረስ ዘልቀው ያጠቁት በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ ነው።

ወራሪው ይህን አገር በመኪና ለመያዝ አስቀድሞ ዝናብ የሚችል መንገድ እንደሚያስፈልገው የገባው ያኔ ነው። በአምስቱ ዓመት ድንጋይና ጠጠር እያስደለደለ ወደ አሥመራ፣ ወደ ጅማና ወደ ሌሎችም አቅጣጫዎች መንገድ አስወጣ። ዓላማው ግዛት ማስገበር ነበር፤ ሥራው ብዙ ሰው የለፋበት፣ የሞተበትም ነው። ይሁንና መንገዶቹ ከነጻነት በኋላ ለአገሪቱ የመንገድ መረብ መነሻ ሆኑ። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የፊያት ካሚዮን በሰው አፍ የቀረው፣ የጎሚስታ ሙያም በየከተማው ሥር የሰደደው ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው። የጅማው መስመር ግን ከሆሳዕና በስተሰሜን ርቆ ያልፋል። ሀዲያና ከምባታ ዋናው መንገድ ሳይነካቸው ቀሩ።

በዚያው እ.ኤ.አ. 1936፣ ካሚዮኖቹ ጣርማ በር ላይ ጭቃ ውስጥ በቆሙበት ዓመት፣ ፊንላንድ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ተመሳሳይ ችግር ከሌላ አቅጣጫ ይዞት ነበር። የኖኪያ ከተማው ፋብሪካ ከሁለት ዓመት በፊት ለጭነት መኪና የሚሆን የበረዶ ጎማ ሠርቷል። አሁን ደግሞ ሃካፔሊታ የሚል ስም ሰጥቶ ለቤት መኪና የሚሆነውን አወጣ። ያኔ በረዶው ከመንገድ በደንብ አይጠረግም ነበርና ጎማው ጥልቅ በረዶ ሰንጥቆ መሄድ ነበረበት። በፊቱ ላይ ወፋፍራም ጥርሶች በአግድም ተደረደሩ፤ በመካከላቸውም ሰፋ ያለ ክፍተት ተተወ። ጥርሱ በረዶውን ይነክሳል፣ ክፍተቱ ይይዘዋል፣ ጎማው ሲዞር መልሶ ይተፋዋል። ጭቃም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሁለቱን ፊደላት ያስተሳሰረው ምልክት ሲወጣ መለኪያው ይኸው በጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ሆነ።

ከ1943 እስከ 1966 ዓ.ም.፤ በመዋጮ የወጣ መንገድ

ጣሊያን የተዋቸው መንገዶች ጠጋኝ አጥተው በጦርነቱ ማግሥት መፍረስ ጀመሩ። ዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1950 ለኢትዮጵያ ከፈቀዳቸው የመጀመሪያ ብድሮች ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ሆነ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ቅድሚያ ያገኙት ወደብንና ቡና አምራች አካባቢዎችን ከመዲናዋ የሚያገናኙት ዋና ዋና መስመሮች ነበሩ። ሆሳዕና ተራዋን መጠበቅ ነበረባት።

ተራ መጠበቅ የሰለቻቸው ግን ነበሩ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚነግዱ የጉራጌ ተወላጆች በማኅበር ተደራጅተው ለመንገድ ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። ከአለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መስመር ያሰበው ጥረት ከዚህ የመነጨ ነው። ሕዝብ አዋጣ፣ መንግሥትም ረዳ። በዚህ መስመር ሆሳዕና ከአዲስ አበባ የምትርቀው 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በአገሪቱ የመንገድ ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች የሚነገርለት ሥራ ነው። የመንገዱ ጥቅም ከአንድ ብሔረሰብ አልፎ ለሀዲያው፣ ለስልጤው፣ ለከምባታውና ለወላይታውም ተርፏል።

ይሁንና የወጣው መንገድ አፈርና ጠጠር ነበር። በበጋ አቧራው ሰማይ ይነካል፤ በክረምት ጭቃው መኪና ይውጣል። የአካባቢው የአነዳድ ብልሃት የተወለደውም ከዚህ ነው።

ይመላለሱ የነበሩት መኪኖች ላንድሮቨርና ኤንትሬ የሚባለው ፊያት ነበሩ። የላንድሮቨሩ ጎማ ጠባብና ረጅም ነው። ዛሬ ሰፊ ጎማ የጉልበት ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ ጠባቡ ደካማ ይመስላል፤ በዳገቱ ቀይ አፈር ላይ ግን ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነበር። እዚያ የሚላላው የላዩ ንብርብር ነው፣ ሥሩ ጠንካራ ነው። ጠባብ ጎማ የመኪናውን ክብደት ትንሽ ቦታ ላይ ሰብስቦ ላዩን ይሰነጥቅና ጠንካራውን ይረግጣል። ወደ ቆላው ሲወረድ በሚገኘው ዋልካ አፈር ነገሩ ይገለበጣል። ዋልካ ውሃ ሲገባው ያብጣል፤ እስከ ታች ድረስ ለስላሳ ስለሆነ የሚረገጥ ሥር የለውም። እዚያ የሚያዋጣው የጎማውን ንፋስ ቀንሶ፣ ጎማው ሆዱን ዘርግቶ በጭቃው ላይ እንዲሄድ ማድረግ ነው። በረዶ አገር ያሉ ሹፌሮችም ተመሳሳይ ሁለት መልስ አላቸው፤ ሥሩ አስፋልት ለሆነ ስስ በረዶ ጠባብ ጎማ፣ ጥልቅ ለሆነው ንፋሱ የቀነሰ ሰፊ ጎማ።

የተያዘ መኪናን ለማውጣት ሹፌርና ረዳት የሚያደርጉት ነገር ቅደም ተከተል ነበረው። ነዳጅ አይረገጥም፤ በረገጡት ቁጥር ጎማው ባለበት እየዞረ ጉድጓዱን ያጠልቀዋል፣ ጥርሶቹም መካከላቸው በጭቃ ይሞላና ጎማው ቅቤ እንደ ተቀባ ነገር ይሆናል። መጀመሪያ ከጎማው ፊትና ኋላ ያለው ጭቃ ይዛቃል። ከዚያ ጠጠር፣ ቅርንጫፍ፣ ገለባ፣ የተገኘው ሁሉ ከሥሩ ይገባል። ንፋስ ይቀነሳል። ሰንሰለት ያለው ጎማው ላይ ያስራል። ከዚያ በኋላ ነው መኪናው በከባድ ማርሽ ቀስ ተብሎ የሚነሣው። ካናዳ በረዶ ውስጥ ለተያዘ መኪና የሚሰጠው ምክር ከዚህ አይለይም፤ በጠጠሩ ፋንታ አሸዋ ወይም የድመት መጸዳጃ አፈር ይባል እንደሆነ ነው እንጂ።

በዚሁ ዘመን በአውሮፓ የጎማ አሠራር ከሥሩ ተለውጧል። ሚሽላን እ.ኤ.አ. በ1946 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ራዲያል ጎማ፣ በውስጡ ያሉት ክሮች ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው የተዘረጉና ፊቱ በሽቦ ቀበቶ የተጠናከረ ነው። አስፋልት ላይ በደንብ ይቆነጥጣል፣ ብዙ አይሞቅም፣ ቶሎ አያልቅም። በድንጋያማው የደቡብ መንገድ ግን ክሮቹ እየተጠላለፉ የተነባበሩበት የቀድሞው ጎማ ገና አልተሸነፈም። ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ድንጋይ በቀላሉ አይቀደውም፤ ቢበሳም በገጠር ከተማ ያለ ጎሚስታ ይጠግነዋል። በ1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአዲስ ጎማ ፋብሪካ ሲቋቋም አገሪቱ የራሷን ጎማ የማምረት ዕድል አገኘች።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፤ ለበረዶ ተሠርተው ጭቃ ላይ የዋሉ

ከአብዮቱ በኋላ ፋብሪካዎች በመንግሥት እጅ ገቡ፣ የግል ንግድ ጠበበ፣ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ። ጎማ ውድ ዕቃ ሆነ። በሌላ በኩል ከሶቪየት ኅብረት የወታደርና የጭነት መኪኖች በብዛት መጡ፤ ኡራልን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሰው የለም።

ስለ ኡራል ብዙ ጊዜ የሚነገረው ጉልበቱ ነው። ከጉልበቱ ይበልጥ ሊደነቅ የሚገባው ጎማው ነበር። ሩሲያ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በረዶው ሲቀልጥና የመጸው ዝናብ ሲጥል፣ መንገዷ ወደ ማጥ ይለወጣል። በመካከሉ ደግሞ ወራት የሚቆይ ጥልቅ በረዶ አለ። ኡራልን የነደፉት መሐንዲሶች ሁለቱንም የሚችል መኪና ነበር የተጠየቁት። መልሳቸው በየጎማው የንፋስ መስመር ዘርግተው ሹፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ፣ እየነዳ ንፋሱን እንዲቀንስና እንዲሞላ ማስቻል ነበር። ማጡ ጋ ሲደርስ ይቀንሳል፣ ጎማው ይዘረጋል፣ ያልፋል፤ ጠንካራ መሬት ሲያገኝ መልሶ ይሞላል። የላንድሮቨር ሹፌር ዝናብ ላይ ተንበርክኮ በእጁ የሚሠራውን ኡራል በማሽን ይሠራዋል። ለሩሲያ በረዶ የታሰበው ብልሃት በኢትዮጵያ ክረምት መሬቱን አገኘ።

የተራው ሰው መኪና ግን ይህ ሁሉ አልነበረውም። ለእሱ የነበረው ጎሚስታው ነው። ጎሚስታው ጎማውን በብረት ፈልቅቆ ከቸርኬው ያወጣዋል፤ ካላማዳሪውን ንፋስ ሞልቶ ውሃ ያለበት በርሜል ውስጥ እየነከረ ያዞረዋል። አረፋ የወጣበትን ቦታ በጣቱ ይዞ ያደርቃል፣ በሞረድ ይፍቃል፣ ማስቲሽ ቀብቶ ይለጥፋል፣ በጋለ ብረት ይጫነዋል። አንዱ ካላማዳሪ ልጥፍ በልጥፍ ሆኖ ዓመታት ያገለግል ነበር። ጥርሱ ያለቀ ጎማም አይጣልም። ፊቱ እንደገና ተለብጦ ይመለሳል፤ መለበጥ ካልቻለ በረባሶ ሆኖ እግር ላይ ይውላል። የሚያሳዝነው ነገር በዚያ እጥረት ውስጥ የጎማ ምርጫ የሚባል ነገር መጥፋቱ ነው። የሰው ጥያቄ «የትኛው ጎማ ለዚህ መንገድ ይሆናል?» መሆኑ ቀርቶ «የት ይገኛል?» ሆነ። ከአንድ ትውልድ በላይ የዘለቀ ልማድ ነው፤ ዛሬም በከፊል አልለቀቀንም።

ከ1990 እስከ 2005 ዓ.ም.፤ አስፋልቱ ሲደርስ

እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም የአገሪቱን መልክ ለወጠው። ፕሮግራሙ ሲጀመር በመላ አገሪቱ የነበረው መንገድ 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ ከ110 ሺህ በላይ ደረሰ። በአፍሪካ ልማት ባንክ ቡድን ገንዘብ ከተደገፉት ሥራዎች ውስጥ የአለም ገና–ቡታጅራ፣ ቀጥሎም የቡታጅራ–ሆሳዕና–ሶዶ መንገድ ማሻሻል ይገኙበታል። በመዋጮ የተጀመረው የአፈር መንገድ አስፋልት ለበሰ። ዶዮገናን አቋርጦ ወደ አረካና ሶዶ የሚወርደው ዳገትና ቁልቁለት ሚኒባስ የሚፈስበት ሆነ። በ2004 ዓ.ም. ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ሲጀምር በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ወጣት በዚሁ መንገድ ይመላለስ ጀመር።

ጎማውም ተለወጠ። አባዱላና ቅጥቅጥ መንገዱን ያዙት፤ ባጃጅ የከተማውን ውስጥ። ራዲያሉ ጎማ የአውሮፓ መንገድ ከገዛ ከብዙ ዓመት በኋላ እዚህም ቤቱን አገኘ፣ ካላማዳሪ የሌለው ጎማም ተለመደ። የአዲስ አበባው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር ተጣመረ፣ ኋላም ሆራይዘን የሚል ስም ይዞ ቀጠለ። ከውጭ የሚገባው ጎማ ግን በዓይነትም በዋጋም ገበያውን ሞላው።

አስፋልቱ አደጋውንም ለወጠው። በጭቃው ዘመን ጥርሱ ያለቀ ጎማ ሹፌሩን ያቆመዋል፤ ቢበዛ ማጥ ውስጥ ያሳድረዋል። በአስፋልቱ ዘመን ያው ጎማ አያቆምም፣ ችግሩም ይኸው ነው። ደረቅ ቀን ላይ ያለ ችግር ይሮጣል። ሰኔ ሲገባና አስፋልቱ ውሃ ሲይዝ ግን የጎማው ቦዮች ውሃውን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ገፍተው ማስወጣት አለባቸው። ቦዩ ከሌለ፣ ፍጥነቱም ካለ፣ ጎማው ከመሬት ይለቅና ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። መሪ ቢያዞሩት አይሰማም፣ ፍሬን ቢይዙት አይቆምም። በብዙ አገሮች የቦዩ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ጎማው እንዲወልቅ በሕግ የተደነገገው ለዚህ ነው። ከዳገት በታች ገበያ፣ ከመታጠፊያ ቀጥሎ ትምህርት ቤት በሚገኝበት የዶዮገና መስመር ላይ ይህ ቁጥር የሰው ነፍስ ነው።

ከዋናው መንገድ ሲወጣ ደግሞ ጭቃው አሁንም እዚያው ነበር። ከአስፋልቱ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡት መንገዶች ጠጠርና አፈር ናቸው። አንዱ መኪና ጠዋት አስፋልት ላይ ይበራል፣ ከሰዓት ማጥ ይገባል። ሙሉ የጭቃ ጎማ ቢያስሩለት አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይበላል፣ የእርጥብ አስፋልት ፍሬኑም ይደክማል። የአስፋልት ጎማ ቢያስሩለት የገጠሩ ዳገት ላይ ይቀራል። ብዙዎች የደረሱበት መልስ የመካከለኛው ጎማ ነው፤ ቦዩ ለውሃ፣ ጥርሱ ለጠጠርና ለቀላል ጭቃ የሚሆን። ሁለቱ ፊደላት በብዛት የሚገኙትም እንዲህ ባለው ጎማ ላይ ነው።

ከ2005 እስከ 2017 ዓ.ም.፤ በረዶው ላይ የደረሱ ልጆች

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሀዲያና ከምባታ ልጆቻቸውን በብዛት የላኩት ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው። ሆሳዕና ውስጥ የተሠራው ፎቅ፣ የተገዛው መኪና፣ የተከፈተው ሱቅ ብዙው ከዚያ የመጣ ገንዘብ ነው። ደቡብ አፍሪካ በበረዶ የምትታወቅ አገር አይደለችም። ሐምሌ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ግን ጆሃንስበርግ ከአሥር ዓመት በላይ ያላየችው በረዶ ጣለባት። መስከረም 10 እና 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከጆሃንስበርግ ወደ ደርባን በሚወርደው ዋና መንገድ፣ ቫን ሪነን በሚባለው ተራራማ መተላለፊያ ላይ የጣለው ከባድ በረዶ መንገዱን ዘጋው። እጅግ ብዙ ተሽከርካሪዎች ሌሊቱን እዚያው ቆመው አደሩ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ።

እዚያ የቆሙት መኪኖች አብዛኞቹ ደህና ጎማ ነበራቸው። ችግሩ የበረዶ ጎማ አለመሆኑ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ከጥርሱ አልፎ ወደ ላስቲኩ መግባት ያስፈልጋል። ተራ ጎማ የሚሠራበት ላስቲክ ለሙቀት የተቀመመ ነው፤ አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ እየጠነከረ ይሄዳል፣ መቆንጠጡንም ያጣል። የበረዶ ጎማ በብርድ የማይደድር ላስቲክ አለው። ፊቱም ላይ በየጥርሱ በምላጭ የተተለተሉ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። ስንጥቆቹ ሲከፈቱ በረዶውን ይይዛሉ፤ በረዶም ከላስቲክ ይልቅ ከበረዶ ጋር ስለሚያያዝ መኪናው ይቆነጥጣል። ከጭቃ ጎማ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የጭቃ ጎማ የያዘውን ቶሎ መትፋት አለበት፤ የበረዶ ጎማ ከያዘው ጥቂቱን ማቆየት አለበት።

ጭቃንና በረዶን በአንድ ምልክት ማሰር በቂ እንዳልሆነ ዓለም የተረዳው ከዚህ የተነሣ ነው። ምልክቱ የሚለካው ክፍተቱን ብቻ ነበር፤ ላስቲኩን አይጠይቅም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1999 ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት ያለበት ሌላ ምልክት መጣ። ይህን የሚያገኘው በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ጎማ ነው። የካናዳዋ ኬቤክ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በቅዝቃዜው ወራት የበረዶ ጎማን ግዴታ አደረገች። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2010 ሕግ አወጣች፤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ወዲህ ደግሞ በረዶ ባለበት መንገድ ላይ የተራራ ምልክት የሌለውን ጎማ አትቀበልም። ከኢትዮጵያ ሄዶ እዚያ ታክሲ ለሚነዳ ሰው ይህ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ነው። ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ ብቻ ጎማውን ያመነ ሰው የኅዳርን ጠዋት ሲነዳ ያውቀዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ፤ አዲስ መኪና፣ አዲስ ጥያቄ

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆነች። ወደ ከተማዋ የሚገባው መኪና በዛ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቁ። የኤሌክትሪክ መኪናው ዘመን ሳይታሰብ ደረሰ።

ባትሪው የኤሌክትሪክ መኪናን ከእኩያው የቤንዚን መኪና በብዙ ያከብደዋል። ሞተሩም ጉልበቱን ሳይዘገይ ነው ለጎማው የሚሰጠው። ሁለቱ ሲደመሩ ጎማ ቶሎ ይበላሉ፤ የራሰ አፈር ላይ ደግሞ የሹፌሩ እግር ትንሽ ከበደ ማለት ጎማው ባለበት ዞረ ማለት ነው። ስለዚህ ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመረጠው ጎማ የክብደት መሸከሚያ ቁጥሩ ሊታይ ይገባል። ይህ ቁጥር በጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ ተጽፎ ይገኛል፤ በርካሽ የተገኘ፣ መጠኑ ብቻ የገጠመ ጎማ ግን ሸክሙን ላይችል ይችላል።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ከአውሮፓ ያገለገለ መኪና ሲመጣ ኖሯል፤ እንዲህ ያለው መኪና የበረዶ ጎማውን እንደለበሰ ሊመጣ ይችላል። ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ ስንጥቁ ብዙ ነው፣ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ለሆሳዕና ክረምት የተሠራ የሚመስለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። በረዶ በሌለበት፣ አስፋልቱ ቀን በፀሐይ በሚግልበት አገር ግን ለብርድ የተቀመመው ላስቲክ ይልማል፤ ፍሬን ሲያዝ ጥርሱ ይታጠፋል፣ መቆሚያው ይረዝማል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ለብርዱ የተመረጠው ጎማ በሙቀቱ ጉዳት ይሆናል።

የተመረተበትን ጊዜ ማወቅም ቀላል ነው። በጎማው ጎን «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ በስተመጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፤ መጋዘን የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ሆሳዕናና ዱራሜ ያሉ ወጣት ጎማ ነጋዴዎች ይህን ቁጥር ለገዢው አንብበው ቢያሳዩ፣ ገዢውም «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት የት እንደሚነዳው ቢናገር፣ በእጥረቱ ዘመን የጠፋው ጥያቄ ወደ ቦታው ይመለሳል። የገጠሩ መንገድ ሹፌርና የአዲስ አበባ መስመር ሹፌር አንድ ዓይነት ጎማ የሚገዙበት ምክንያት የለም።